የአራት ጣት መረብ

«እማዬ፣ ካደግኩ ይይዙኛል?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ትርንጎ ናት። ስምንት ዓመቷ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ መረብ እሠራ ስለነበር፣ ክሩንም በጥርሴ ስለያዝኩ፣ ቶሎ አልመለስኩላትም። ክሩን ከቆረጥኩ በኋላ፣ «ትልልቁን ነው የሚይዙት፤ ትንሹ በመረቡ ዓይን ያልፋል» አልኳት። ዓሣ ሆና የምትጫወት መስሎኝ ነበር። ትርንጎ «እሺ» አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ማደግ አቆመች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማነስ ጀመረች። የበሩ መቃን ላይ በከሰል የማሰምርላት መስመር አንድ ዓመት አንድ ቦታ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ታች ወረደ።

አባቷ ዘለቀ አጥማጅ ነበር። ከሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። ትርንጎ ይህን ከመጠየቋ ጥቂት ወራት በፊት አንድ ጠዋት በጀልባ ወጣ፤ ጀልባዋ ብቻዋን ተመለሰች፣ መረቡ በሥርዓት ታጥፎባት። እሱ አልተገኘም።

እዚህ ሐይቅ ዳር የመረብ ዓይን የሚለካው በጣት ነው። ሰው መጥቶ «አራት ጣት ሥሪልኝ» ካለ፣ አራት ጣት ጎን ለጎን የሚገባበት ዓይን ማለቱ ነው። ልኩ እንዳይዛነፍ ትንሽ እንጨት እንይዛለን፤ ክሩን በእንጨቱ ላይ አዙሮ መቋጠር ነው ሥራው። የእኔን እንጨት የጠረበልኝ ዘለቀ ነው፣ በራሱ ጣቶች ልክ። ሠርቼ ስጨርስም አራት ጣቱን በየዓይኑ እያስገባ ይፈትሻል። ካልገባለት ያስፈታኛል።

ያኔ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ከሰሃኑ ይተርፍ ነበር፤ ራሱ በአንድ በኩል፣ ጭራው በሌላ በኩል። ከዚያ ትልልቆቹ አለቁ። የቀሩት በአራት ጣት የሚያልፉት ሆኑ። ወንዶቹ መጥተው «ሦስት አድርጊልን» አሉ፤ አደረግኩ። በሦስት የሚያዙትም አለቁ። «ሁለት» አሉ፤ አደረግኩ። «ዓሣው እያነሰ ነው እኮ» ይሉኛል። እኔም «እግዚአብሔር ያውቃል» እያልኩ እቋጥራለሁ። እግዚአብሔር ያውቅ ነበር። እኔም ትንሽ ትንሽ አውቅ ነበር።

ሥራ የሚበዛው በዓቢይ ጾም ነው። ሥጋና ወተት ሲቀር የከተማው ሰው ዓሣ ያምረዋል፤ በረዶ የጫኑ መኪኖች እስከ ውሃው ድረስ ይመጣሉ። እኛ ሐይቅ ላይ ዓሣዋ እንቁላሏን የምትጥለው በዚያው ሰሞን ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ማንም ግን አያወራውም።

መረቡ አንድ ጣት ሲደርስ የሚመጡት ዓሣዎች ከጣት አይበልጡም ነበር። አንዷን በቢላ ስከፍታት ሆዷ እንቁላል ብቻ ነው። ጣት የማታህል እናት ናት። አፏ ዙሪያ ተጨማዷል፣ ዓይኗም ብዙ ያየ የአሮጊት ዓይን ነው። ዘገነነኝና ጨርቅ አለበስኳት። ሌላው ሰው ግን አልዘገነነውም። ዓሣው ለመላጥ አልመች ሲል በማንኪያ መብላት ጀመሩ፣ ከነራሱ፣ ከነሆዱ፣ በዳጣ ለውሰው። ሃያ ሠላሳ ዓይን በአንድ ማንኪያ ቀና ብሎ ያያል፤ እነሱ ያወራሉ። እንቁላሉ ከንፈራቸውና ጺማቸው ላይ ይቀራል፤ በምላሳቸው ዞረው ይሰበስቡታል። አንድ ቀን ይህን አይቼ አጥር ይዤ አስመለሰኝ። የወጣው ነገር ውስጥ ቅርፊት ነበረበት። ዓሣ ከቀመስኩ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር።

ትርንጎ አሥር ዓመት ሲሆናት ከከተማ አቶ ገረሱ የሚባል ባለሙያ መጣ። ዓሣ የሚለካበት ሰሌዳ ይዟል። በረንዳዬ ላይ ጥላ ስላለ እዚያ ተቀመጠ። ከአንዷ ዓሣ ራስ ውስጥ ከአሸዋ የምታንስ ድንጋይ በመቆንጠጫ አወጣና በመስታወት አያት።

«የጆሮዋ ድንጋይ ነው» አለኝ። «በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ይህቺ አሥር ዓመቷ ነው።»

«የልጄ እኩያ ናታ።»

ቀና ብሎ ትርንጎን አያት። ያኔ ጉልበቴ ጋ ትደርስ ነበር። «ጫማሽን አውልቂና እዚህ ተጋደሚ» አላት። ዓሣ የለካበት ሰሌዳ ላይ ተጋደመች፤ ዝልግልጉን አልጠረገውም ነበር። ለካትና መቆንጠጫውን አነሳ።

«ጆሮዋንም ልይ?»

«አይሆንም» አልኩት።

«ግድ የለም» አለና ቁመቷን ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ከዓሣዎቹ ሥር።

«ምክንያቱ ምንድን ነው፣ አቶ ገረሱ?»

«ያው ነው፣ እትዬ። ያደገው ይወሰዳል። ያላደገው ቀርቶ ይወልዳል። የሚወለደውም ወላጁን ይመስላል።»

«መድኃኒትስ የለውም?»

«ሰፊ መረብ ነዋ። ለአጥማጆቹ ማኅበር ነግሬያቸዋለሁ። በደንብ አዳምጠው ዓሣ ጋበዙኝ።» ፈገግ ሲል ጥርሱ መሃል አንዲት ትንሽ ዓይን ተሰክታ አየሁ።

ትርንጎ ማነሷን ቀጠለች። መምህሯ መጀመሪያ ከአንደኛ ክፍሎች ጋር አስቀመጠቻት፤ በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ጠመኔው አጠገብ። በትምህርቷ ግን አልደከመችም፤ ዳዊቱን ከእኔ ተሽላ ትደግማለች። ስለት ተሳልኩ። ጠበል ወሰድኳት፤ አንድ ሲኒ ሙሉ ሰውነቷን አዳረሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ከክርኔ እስከ መዳፌ ሆነች፤ መረብ በማስቀምጥበት ቅርጫት ውስጥ ትተኛ ጀመር። አንድ እሑድ ጸጉሯን ስሠራላት ሦስት ሽበት አገኘሁ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። እንደ ዓሣዎቹ ሳታድግ ልታረጅብኝ ነው።

«ትርንጎዬ፣ ምናለ ብታድጊልኝ?»

«አባዬ አድጎ አይደል የተወሰደው?»

«እሱን የወሰደው ሐይቁ ነው።»

«ሐይቁ ስንት ጣት መረብ አለው?»

ጉንጉኑን ጨረስኩላት።

ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ፣ የአጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበሩ ጋሽ ኤርሱሞ መጣ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አዲስ ክር ይዟል። ከእሱ ጋር የዓሣ ጠረኑ ገባ።

«ዘርትሁን፣ አንድ ጣት አድርጊልኝ።»

«አምናስ አንድ ጣት አይደል የሠራሁት፣ ጋሼ?»

«ያልፋሉ። የአንቺ ጣት የጉልት ሙዝ ነው፣ አትቀየሚኝ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ዙሪያውን ሲያይ ትርንጎን ቅርጫቱ ውስጥ አገኛት። «ይኸው! የእሷን ጣት አድርጊው።»

«ልጅ ናት እኮ።»

«ልጅ መሆኗ ነው ደጉ። ተመስገን በይ፣ ሥራ አገኘችልሽ። ነይ እስቲ፣ አንቺ ጤፍ።»

ትርንጎ ትልቅ ሰው የሚላትን ትሰማለች። እጇን ዘረጋች። ጣቷ የክብሪት እንጨት ታህላለች። ኤርሱሞ በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ ያዛትና ስንጥር እንጨት ላይ አስደግፎ በካራው ምልክት አደረገ። ጥፍሩ ሥር የዓሣ እንቁላል ነበረ። እንቁላሉ ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ ወደ ልጄ ዞር አለ።

«እምቢ ብልዎትስ?» አልኩት።

«መረብ ወደምትሠራው ወደ ዘርፌ ቤት እሄዳለኋ። የእሷም ልጅ ጣት አላት።» ክሩንና እንጨቱን አስቀምጦ፣ እጁን በበሩ መጋረጃ ጠርጎ ሄደ።

ትርንጎ ጣቷን በቀሚሷ አደረቀች። «እማዬ፣ በዚያ መረብ እኔም አላልፍም» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ እንደ ሒሳብ ነው የነገረችኝ። «ግን እስከ ጾሙ ሳምንት አለ። አንሼ እደርሳለሁ።» ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። የቀሚሷ አንገት ከትከሻዋ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት አየሁት። አንስቼ አቀፍኳት፤ የምይዘው እየጠፋኝ ሄደ። «በቃ፣ በቃሽ፣ የእኔ እናት፤ ዛሬ ይብቃሽ» አልኳት። እሺ ብላ ቆመች። ከመዳፌ ብዙ አትበልጥም ነበር።

በነጋታው ጠዋት ኪዳን አድርሼ መጣሁና ነጠላዬን አጥፌ ኤርሱሞ ምልክት ያደረገባትን እንጨት ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት። የዓሣ ስብ እየሸተተች ነደደች። ሳጥኑን ከፍቼ ከሥሩ የዘለቀን እንጨት አወጣሁ፤ አራት ጣት፣ ጠርዙ በክር ብዛት የለሰለሰ። የኤርሱሞን ክር በእሱ ላይ አዞርኩ፤ የበሩ መቃን ላይ አስሬ መሥራት ጀመርኩ። ረድፍ በረድፍ ላይ እየጨመርኩ ስሄድ በሩን እስከ ወለሉ ሸፈነ።

ትርንጎ ከቅርጫቷ ወጥታ መጣች። አንዱን ዓይን መረጠችና ራሷን አስገባች፤ አለፈ። ትከሻዋ አለፈ። እግሮቿን አንድ በአንድ አሳለፈችና በወዲያ በኩል ቆመች። ከበሩ ውጭ ያለው ደረቅ ግቢያችን ነው። እሷ ግን ከአናቷ እስከ እግሯ ረጥባለች፤ ጉንጯ ላይ አንድ ቅርፊት ተለጥፏል፣ መሐለቅ የሚያህል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ቅርፊት ካየሁ ዓመታት ሆኖኛል።

«ያሳልፋል» አለችኝ።

«ተመስገን።»

«ካደግኩስ?»

«ካደግሽ ሰፋ አድርጌ እሠራለሁ።»

አሰበችበት። ቀሚሷን በትከሻዋ ላይ መለሰችው፤ ቀሚሱ እዚያው ቆየ።

ከዚያ ከራሷ በላይ ባለው ዓይን አራት ጣቶች ከወዲያ በኩል ገቡ። ረጃጅም ናቸው፣ ነጥተው አብጠዋል፣ ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ ጥፍሮቹ ሥር ደለል አለ። ጎን ለጎን ሆነው ዓይኑን ልክክ አድርገው ሞሉት። ወጡ። ወደሚቀጥለው ገቡ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። የመጨረሻው ዓይን ጠበብ ብሎባቸው ቆሙ፤ እኔም ቋጠሮውን ፈታሁና ክሩን እንደገና በእንጨቱ ላይ አዞርኩ።