አራተኛው በር

ኦቦ መርዳሳ በምስማር ከተበሳሳ የወተት ጣሳ ኖራ መሬቱ ላይ እየነሰነሱ የልጆቹን መኝታ ቤት የግድግዳ መስመር ለመጨረስ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ነፋሱ ተነሣና ግማሹን ጠርጎ ወሰደው። አዛውንቱ ፕላን ነዳፊ አልተናደዱም። ተመልሰው ጎንበስ አሉና ከማዕዘኑ ጀመሩ።

«የአዳማ ነፋስ ግድግዳ አይፈራም» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ቤቱን የሚያሠራው ማስረሻ ለመሳቅ ሞከረ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቶት ከችካል ወደ ችካል ይመላለሳል። ቦታው ዐሥር ሜትር በዐሥራ አራት ነው፤ እንደ እሱ ለሚቁነጠነጥ ሰው ቶሎ ያልቃል። ማዶ ጉብታው ላይ የተደረደሩት የነፋስ ተርባይኖች እንኳ ከእሱ የረጉ ይመስላሉ። ፕላኑ ነገ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት መግባት አለበት፤ የቤት ሠሪዎች ማኅበሩ የቆረጠው ቀን ነው። ይህ ደግሞ አራተኛው ንድፍ ነበር። ሦስቱን ውድቅ ያደረገችው ሚስቱ ዱሬቲ ናት፤ ሦስቱንም በአንድ ጥያቄ።

አሁንም ያንኑ ጠየቀች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ በኖራው መስመሮች መሐል ቆማለች።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ከልጆቹ ክፍል ወደ ውጭ የሚያስወጣው በር የቱ ነው?»

«በኮሪደሩ አድርገሽ፣ በሳሎን በኩል…»

«እሱ ወደ ሳሎን ነው። እኔ ውጭ ነው ያልኩት።»

«ዱሬ፣ ማሎ፣ እባክሽ!» አለ ማስረሻ። «ለአራት ክፍል አራት የውጭ በር! ቤት ነው የምንሠራው መናኸሪያ?»

ኦቦ መርዳሳ ሳቁ። ዱሬቲ አልሳቀችም።

«መናኸሪያ ይሁን» አለች። «ማን መቼ ተነሥቶ እንደሚሄድ አይታወቅም።»

ማስረሻ ፊቱን ወደ ተርባይኖቹ አዞረ።

ከወራት በፊት መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሰላም ነስቷቸው ከርሞ ነበር። የሚኖሩት በኪራይ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ምሽት እራት ቀርቦ፣ እሱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ፣ ዱሬቲ ጓዳ የልጆቹን ልብስ ስትቀይር ፎቁ ተወዛወዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው በባዶ እግሩ ግቢው መሐል ቆሞ፣ ሪሞቱን በእጁ እንደጨበጠ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ነው። ተመልሶ ሊወጣ ሲጋፋ ዱሬቲን ደረጃው ላይ አገኛት፤ ትንሹን አዶኒያስን አዝላ፣ እኅቱን ሊዲን እየጎተተች። ፊቱን አየችው። ከዚያ እጁን አየች። «ያዛት» ብላ ሊዲን ሰጠችው። ስለዚያ ምሽት እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን የልጆቹን ጫማ ራስጌያቸው አስቀምጣ፣ በሁለቱ መሐል ትተኛለች። እሱ መሬት ላይ የቆመ ቤት ሲኖረን ይለወጣል እያለ፣ ሰፊው አልጋ ላይ ብቻውን ይገላበጣል።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ኦቦ መርዳሳ፣ በጣሳቸው እየጠቆሙ። «ኮሪደሩ ከእናንተ መኝታ ቤት ተነሥቶ፣ የልጆቹን ክፍል ከግቢው እየለየ ሳሎን ይገባል። እሱ ካልተነሣ የልጆቹ ክፍል ወደ ግቢ በር አይኖረውም። ከተነሣ ደግሞ እናንተ ታፈናችሁ። የእናንተ ክፍል በሦስት በኩል ያለው የጎረቤት ወሰን ነው፤ በዚያ በር አይፈቀድም።»

ልጆቹ ይህ ሁሉ አላሳሰባቸውም። ሊዲ በኖራው መስመሮች ውስጥ ጋደም ብላ ወንድሟን አጠገቧ አስተኝታለች።

«አባዬ፣ ሌሊት ነው! አንተም ክፍልህ ገብተህ ተኛ!»

ማስረሻ ከዱሬቲ ዓይን መሸሻ አገኘ። ገባ፤ አልጋው ይሆናል በተባለበት ቦታ ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ነፋሱ አቧራ ፊቱ ላይ በተነበት።

«መሬቱ ተነቃነቀ!» ብላ ጮኸች ሊዲ።

እግሮቹ ተነሡ። ነጩን ኮሪደር ይዞ፣ የልጆቹን በር አልፎ፣ ሳሎኑን በሁለት እርምጃ ቆርጦ፣ ከመጨረሻው መስመር ውጭ ደረሰና ቆመ። ሲዞር ሁለቱ ልጆች እንደተጋደሙ ያዩታል።

«አባዬ ረሳን!» አለች ሊዲ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። «ቲሽ፣ አያውቅበትም! እኛን አንሥተህ ነው እኮ የምትወጣው!»

ዱሬቲ አጎንብሳ ከጫማዋ ላይ ኖራ ማራገፍ ጀመረች። ረጅም ጊዜ አራገፈች።

«ኮሪደሩ ነው የወሰደኝ» ሊል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ፣ ማንም የማይቀበለው ሰበብ መሆኑ ገባው። የመጣበትን መንገድ ዓይኑ መልሶ ለካው። ቀጥ ያለ፣ ለብቻ ለሚሮጥ ሰው የተመቸ መንገድ ነበር።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ኮሪደሩን ያንሡት።»

«እና እናንተ በየት ልትወጡ?»

«በልጆቹ ክፍል። የእነሱ በር ወደ ግቢው ይከፈት፤ የእኛ ወደ እነሱ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ በር አይኑረን።»

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ሠላሳ ዓመት ስነድፍ እንዲህ ያለ ቤት ሠርቼ አላውቅም። መኝታ ቤት በመኝታ ቤት! ነገ ልጅቷ ስታድግ እኮ ክፍሌን መንገድ አደረጋችሁብኝ ትላለች።»

«ስታድግ ትጣላኝ። ያኔ አፍርሰን እንሠራዋለን።»

ዱሬቲ ቀና አለች። ከዚያ ከደረጃው ምሽት ወዲህ እንዲህ ፊቱን አይታው አታውቅም፤ አሁን ግን እጁን አላየችም።

«ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ አዶኒያስን ትቀሰቅሰዋለህ» አለች።

«ይቀስቀስ።»

«እንቅልፉ ቀላል ነው።»

«አውቃለሁ።»

ኦቦ መርዳሳ በጫማቸው ኮሪደሩን አጠፉት፤ የቀረውን ነፋሱ አገዛቸው። በሁለቱ ክፍሎች መሐል ባለው መስመር ላይ አንድ እርምጃ የሚያህል ክፍተት ጠርገው ከጆሯቸው ላይ እርሳሱን መዘዙ።

«ለዚህኛው መዝጊያ ላድርግለት ወይስ ክፍት ይሁን?»

ማስረሻ ወደ ሚስቱ ዞረ። ዱሬቲ ተራምዳ ክፍተቱ ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ እግሯ ልጆቹ ክፍል፣ አንድ እግሯ የእሷና የማስረሻ ክፍል። ነፋሱ የነጠላዋን ጫፍ ያርገበግባል። ሽማግሌው እርሳሳቸውን ወረቀቱ ላይ አስደግፈው ይጠብቃሉ። እሷ ግን ወለል በሌለው ወለል ላይ፣ ሰፊው አልጋ የሚቀመጥበትን ቦታ እያየች፣ ለመልሱ አልቸኮለችም።