የዳኒ ሎሬል ለቅሶ በኮተቤ

ዳኒ ሎሬል መዝፈን አይችልም ነበር። የዘፈኑ ሸክላ ቤታችን ስለነበር አውቃለሁ። የሆሊውድ ፊልም ኩባንያ ከቤንዚን ማደያ አንስቶት ስሙን ለወጠለት፤ ጥርሱን አስተካከለለት፤ ፀጉሩን ግንባሩ ላይ መጣል አስተማረው። ከዚያ የአሜሪካ ኮረዶች ራሳቸውን ሳቱ። አጭር ስለነበር ሴት ተዋናዮችን የሚስመው ሣጥን ላይ ቆሞ ነው።

የቀበሌያችን ካድሬ ለይኩን ግን ይወደው ነበር። ከአብዮቱ በፊት የኮተቤን አቧራ በሹል ጫማ እያቦነነ፣ እንደ ዳኒ የተቀባ ፀጉሩን በየሱቁ መስተዋት የሚያይ ጎረምሳ ነበር። አሁን ካኪ ለብሶ ኢምፔሪያሊዝምን ያወግዛል። በ1970 ክረምት አስጠራኝና፣ እንግሊዝኛ ስለማውቅ የዳኒን ሕይወት ለውይይት ክበቡ እንዳስረዳ አዘዘኝ። ወጣቱ የቡርዣውን ባህል ብስባሽነት ይወቅ አለኝ። ቀጥሎ ዳኒ በመጨረሻ ፊልሙ ምን ዓይነት ካፖርት ለብሶ እንደነበር ሳልጠይቀው ነገረኝ።

እምቢ ማለት አልችልም። ባሌን መምህር ጉደታን፣ በየጎረቤቱ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባውን ረጅም ሰው፣ ጥር ላይ አብዮት ጠባቂዎች ገድለውታል። አስከሬኑን አልሰጡንም። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ ክልክል መሆኑን ደጄ ድረስ መጥቶ ያስታወቀኝ ለይኩን ነው። ጎረቤቶቼ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። እኔ የምፈልገው ጉደታ እንደ ሰው እንዲለቀስለት ብቻ ነበር።

አዳራሹ ሞላ። እናቶች ከፊት ተቀመጡ። ጥርሱንም ሣጥኑንም ሳላስቀር ዳኒን አንድ በአንድ ተረኩት። ሚስት ነበረችው፤ ኮረዶቹ እንዳይከፋቸው ኩባንያው ደበቃት። በመኪና ገደል ገብቶ ሲሞት ኮረዶቹ ካሜራ ፊት ተንከባለሉ፤ እሷ ከኋላ እንደ ባዕድ ቆማ ቀረች።

ጎረቤቴ እማማ ጂቱ ቀና አሉ።

«ሚስቱ አላለቀሰችም?»

«አልተፈቀደላትም፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። ሌላዋ ጎረቤቴ አሳየች ተከተለቻቸው፤ ከዚያ አግዳሚው በሙሉ። ለይኩን በመጀመሪያ ደነገጠ። ወዲያው ግን የራሱም ዓይን ረጠበ።

«አልቅሱ፣ ጓዶች» አለ። «ለካፒታሊዝም ሰለባ ማልቀስ ክልክል አይደለም።»

ፈቃዱን ሲሰሙ እማማ ጂቱ ብድግ ብለው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

«ወይኔ ሎጋው፤ ወይኔ በሬን ጎንበስ ብሎ የሚገባው!»

ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ለይኩን አፍንጫውን በመሐረብ ይጠርግ ነበር፤ ዳኒ ይቆምበት የነበረውን ሣጥን ረስቶታል። እኔም ላስታውሰው አልሞከርኩም። ነጠላዬን አወረድኩና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ አዘቅዝቄ ለብሼ ከእናቶቹ መካከል ተቀመጥኩ።