እትዬ ከበቡሽ ያስጠኑት ፈተና

ሸዋ ሮቢት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጥላውም ይሞቃል። ኑርሃን የማንጎ ቅርጫቷን መናኸሪያው በር ላይ ለጎኗ ነጋዴ አደራ ብላ፣ ልጇን መሪያምን እጇን ይዛ እትዬ ከበቡሽ ሆቴል ስትገባ ቀኑ ገና ሳይጋመስ ደክማ ነበር። ድካሙ የዛሬ አይደለም። መሪያም አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የኑርሃንም ድካም እኩያዋ ነው።

ልጅቷ ኦቲዝም እንዳለባት የነገራት ደብረ ብርሃን ያገኘችው አንድ ሐኪም ነው፤ እሱም በአፉ እንጂ በወረቀት አይደለም። ዘንድሮ የከተማው አንድ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ስለከፈተ ተስፋ መጣ። ተስፋው ግን ወረቀት ይፈልጋል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ወረቀቱን የምትጽፈው ራሔል የምትባል ባለሙያ አዲስ አበባ ተቀምጣ ነው ልጆቹን በስልክ ቪዲዮ የምታየው። ከሰው ጋር እንዴት እንደሚያወሩ፣ እንዴት እንደሚግባቡ ትመዝናለች። ኑርሃን ቤት ኔትወርኩ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ፣ ዋይፋይ ያላቸው እትዬ ከበቡሽ “እኔ ጋ ይሁን” አሉ።

ዋይፋዩን ብቻ ቢሰጡ ጥሩ ነበር።

እትዬ ከበቡሽ ግን ሰው ይመጣል ከተባለ ግቢውን ሁለት ጊዜ የሚያስጠርጉ ሴት ናቸው። በስልክ የመጣም እንግዳ ነው፣ ልጅቷ በባዕድ ፊት አፏን ይዛ አትቀርም ብለው ሳምንቱን ሙሉ መሪያምን አስጠኗት። የሚያስጠኑት ደግሞ በእጃቸው ነው። የደሴ አውቶቡስ ተሳፋሪውን ለምሳ ሲያራግፍ አዳራሹ ስለሚንጫጫ፣ እሳቸው ኩሽናውን የሚያዝዙት ከባንኮኒው ሆነው በምልክት ነው፦ ጆሮ መንካት ጥብስ፣ ክርን መንካት ቅቅል፣ ሁለት መዳፍ ማራገፍ “አልቋል”። መሪያም እናቷ መናኸሪያ ስትውል እሷ ከዚሁ ባንኮኒ አጠገብ ስለምትውል ምልክቱን ከአስተናጋጆቹ አስበልጣ ታውቀዋለች።

እትዬ ከበቡሽም በዚሁ ላይ ጨመሩበት። እጃቸው ደረታቸው ላይ ሲያርፍ “ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ?” ትላለች። ጉንጫቸው ላይ ሲያርፍ “አይዞዎት፣ አላህ ያሽርዎት።” ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ “አዎ፣ ጓደኛ አለኝ፣ ዓይሻ ትባላለች።” ዓይሻ የምትባል ጓደኛ መሪያም ኖሯት አያውቅም።

ኑርሃን ይሄን ሁሉ አየች። ተዉ ለማለት አቅሙም አልነበራት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ልጇ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ቶሎ ቶሎ ስትመልስ ማየት ሆዷ ፈልጎ ነበር።

ስልኩን ከአዋዜ ጠርሙስ ጋር አስደግፈው አቆሙት። ራሔል ብቅ ስትል ኑርሃን ዶክተር ብላ ሰላም አለቻት። ዶክተር አይደለሁም ብትል እትዬ ከበቡሽ ትሕትናዋን አደነቁላት። ከዚያ ራሔል ከልጅቷ ጋር እናትየዋ ብቻ ትሁን፣ እሷም በመልስ እንዳትረዳት ብላ በትሕትና ጠየቀች። እትዬ ከበቡሽም እሺ ብለው ከስልኩ ፊት ተነሡና ከስልኩ ኋላ ተቀመጡ።

መሪያም ሰላምታውን አንድም ሳትስት መለሰች። ራሔል ትንሽ አውርታ፣ “ትናንት ደረጃ ላይ ወድቄ ክንዴን ተጎዳሁ” አለችና ልጅቷ ምን እንደምትል ጠበቀች። የእትዬ ከበቡሽ እጅ ጉንጫቸው ላይ አረፈ።

“አይዞዎት፣ አላህ ያሽርዎት” አለች መሪያም ኮርኒሱን እያየች።

ስለ ጓደኛም ተጠየቀች፤ ዓይሻም መጣች። ራሔል ጻፈች፣ ጻፈችና ቀና አለች። “ወይዘሮ ኑርሃን፣ ያየሁት ከነገሩኝ ጋር አልገጠመልኝም። እንዲህ ከሆነ ልዩ ክፍል ያስፈልጋታል ብዬ ለመጻፍ ይቸግረኛል። መደበኛው ክፍል ሳይበቃት አይቀርም።”

ከስልኩ ኋላ እትዬ ከበቡሽ ልጃቸውን እንዳስመረቁ ሁሉ ፊታቸው በራ።

ኑርሃን መደበኛውን ክፍል ታውቀዋለች። መሪያም እዚያ የቆየችው ሦስት ወር ነው፤ ሦስቱንም ወር ጆሮዋን ይዛ ዴስክ ሥር። በመጨረሻ መምህሩ፣ ቤት ብትውል ይሻላል ብሎ መለሳት። አሁን ዝም ካለች ልጅቷ ወደዚያው ዴስክ ሥር ልትመለስ ነው። ከተናገረች ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የለፉትን ሴት በባዕድ ፊት ልታዋርድ ነው። ሁለቱንም አንሥታ ለመመዘን እንኳ ደከማት።

“አስጠንተናት ነው” አለች። አስጠኗት አላለችም። “ዓይሻ የምትባል ልጅ የለችም። መልሱን በምልክት ነው የምትቀበለው። ከስልኩ ኋላ ሰው አለ።”

እትዬ ከበቡሽ ቀስ ብለው ተነሥተው ስልኩ ፊት ቀረቡ። በሐፍረት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“አዎ፣ ጓደኛ አለኝ፣ ዓይሻ ትባላለች” አለች መሪያም።

ራሔል ሳቋን በእጇ ሸፈነች። አልተቆጣችም። እትዬ ከበቡሽ እዚያው ይቀመጡ፣ እጃቸው ግን ይረፍ ብላ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ጀመረች። እትዬ ከበቡሽ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ቀበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነበር። ራሔል ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት የቬንትሌተሩ ድምፅ ነው። መሪያም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች እንደ አውቶቡስ ረዳት “ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ አጣዬ” ትላለች። ስለ ተጎዳው ክንድ እንደገና ተነገራት፤ ካራቆሬን ጠራች። ኑርሃን ይህን በየቀኑ ታየዋለች። ሰው ቁጭ ብሎ ሲጽፈው ግን አዲስ ሆኖ አመማት።

ድንገት መሪያም ተነሣች። የእናቷን እጅ ይዛ ወደ በሩ ጎተተች። እናቷ አልነሣም ስትላት ወደ እትዬ ከበቡሽ ዞራ፣ በቀጥታ እያየቻቸው፣ ሁለት መዳፏን አንዴ፣ ሁለቴ አራገፈች።

“ምን ማለቷ ነው?” አለች ራሔል።

“አልቋል ማለት ነው” አሉ እትዬ ከበቡሽ። ድምፃቸው አንሶ ነበር። “የኩሽና ነው። እንዲህ በይ ብዬ ግን አላስጠናኋትም።”

ራሔል ይሄንን ከሌላው ሁሉ አስረዝማ ጻፈችው። ወረቀቱ ነገ እንደሚደርስ፣ ለክፍሉ መምህርም ልጅቷ በምልክት ብትጀምር እንደሚሻል እንደምትገልጽ ተናግራ ስንብት ጀመረች።

“ታዲያ መምህሯን ማን ሊያስጠናት ነው?” አሉ እትዬ ከበቡሽ፣ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር እያወጡ።

ኑርሃንን ሊያስቃት ምንም አልቀረውም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ልቀመጥ ብላ ወንበሩን ተደገፈች። መሪያም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ጠበቀቻትና መዳፏን እንደገና አራገፈች። ኑርሃንም ተነሣች። ማንጎው ፀሐይ ላይ ነው።