እንቁላል የሞላበት ቤት

አማቴ ዶሮ አርቢ ናቸው። ሳሎን እንቁላል፣ አልጋ ሥር እንቁላል፣ ቁም ሳጥኑ ላይ እንቁላል። ሰፈሩ ሁሉ እየገዛ ይበላል፤ እኔ ብቻ ተከልክያለሁ። እርጉዝ ነኛ!

እንቁላል የበላች እናት መላጣ ትወልዳለች ይላሉ። ወተት ሕፃኑ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ሥጋ ያገዝፈዋል። የቀረኝ ዳቦና ሻይ ነው። ባሌ ራሱ መላጣ ነው። “እሱን ሲያረግዙ ስንት እንቁላል በልተው ነበር?” ልላቸው አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። በዚያ ሰሞን ደህና ነገር የዋጥኩት እሱን ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያ ስሄድ አዋላጇ ሆዴን በሜትር ለክታ እንደገና ስትለካው ፈራሁ።

“ልጁ እያደገ አይደለም፤ ደምሽም አንሷል” አለችኝ። “እንቁላልም ወተትም ያገኘሽውን ብዪ። እንዲህ ከቀጠልሽ ለልጁ እሰጋለሁ።”

እቤት ደርሼ እየጮህኩ ነገርኳቸው። አማቴ እንቁላል መጥረጋቸውን አላቋረጡም።

“ትንሽ ልጅ ሳያስቸግር ይወለዳል” አሉ። ቀጥሎ ድምፃቸው ወረደ። “የእህቴ ልጅ ትልቅ ነበር። አልወጣ አለ። እህቴንም ልጇንም ባንድ ቀን ቀበርኩ። አንቺን አልቀብርም።”

ደብቄ ልብላ ብል እንኳ፣ ለእኔ ብለው መፍራታቸውን ካወቅሁ በኋላ ልቤ እሺ አላለኝም። ልጄ ግን ውስጤ እየከሳ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አማቴ መጋረጃውን ዘግተው ከጫጩት መፈልፈያው ማሽን ያወጧቸውን እንቁላሎች በባትሪ ብርሃን ያዩ ነበር። ሕይወት የያዘውን ከባዶው የሚለዩት እንደዚያ ነው።

“ነይ እስቲ፣ ትሪውን ያዢልኝ” አሉኝ።

አንዱን እንቁላል ባትሪው ላይ ሲያስጠጉት ውስጡ ቀላ ብሎ በራ። እንደ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። መሃላቸው አንዲት ነጥብ ትመታለች። ትቆም ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቆመችም።

“ልቡ ነው?”

“ልቡ ነው” አሉ በሹክሹክታ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት ኖረው ዛሬም ድምፃቸውን ይቀንሱለታል! ሰውነቴን ወረረኝ። እንዲህ ያለው ነገር እኔም ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ እየሆነ ነው። ትሪውን አስቀምጬ ሆዴን ያዝኩ።

“እማማ፣ እዚህ ተዘግቶበት ምን ይበላል?”

“አስኳሉን ነዋ! እናቱ አስቀድማ አዘጋጅታለት የለ? እሱ ባይኖርማ በምን…”

አልጨረሱትም። ባትሪውን አጠፉ። ወደ ሆዴ አዩ።

ወጥ ቤት ገብተው እንቁላል ቀቀሉ። ልጠው፣ ጨው ነስንሰው ሰጡኝ። ስጎርስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፈጣሪያቸውን እየለመኑ ነበር መሰለኝ።

“ሆስፒታል ነው የምወልደው” አልኳቸው። “እርስዎም አጠገቤ ይሆናሉ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ፍርሃቱ ከፊታቸው አልጠፋም። ቁጭ ብለን ሳለን ልጁ ረገጠኝ፤ ያን ያህል በርትቶ አያውቅም። እጃቸውን ስቤ ሆዴ ላይ አደረግሁት። ደገመው።

አማቴ እጃቸውን ሳያነሱ እንባቸው ወረደ።

“ርቦት ኖሯል” አሉ። “እኔው ነኝ ያስራብኩት።”