ፀሐይ ላይ የወጡ ጃፓኖች

ባሌ ተክለጻድቅ ሌንስ ይሰበስባል። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዕድር ውስጥ ይሾማል፣ ወይም ልደታ ማርያም ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያወጋል፤ የእኔው ሰው ግን እኔን በዕድሜ የሚያክል የጃፓን ሌንስ ፍለጋ ከመርካቶ ልባሽ ተራ እስከ ተዘጉ ፎቶ ቤቶች ድረስ ሲዞር ይውላል። ሌንሶቹ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዘው ካሜራው ላይ የሚገጥሙ ናቸው። ካሜራዎቹ ደግሞ ሬንጅፋይንደር ይባላሉ፤ በትንሿ መስኮት ስታይባቸው ሰውን ሁለት አድርገው ያሳዩሃል፣ ቀለበቱን ስታዞረው ሁለቱ ሰው አንድ ይሆናል፣ ያኔ ታነሳለህ። ሰው ሁለት ሆኖ መታየቱ ምን እንደሚያስደስት እግዜር ይወቀው። እኔ ሌንሶቹን «ጃፓኖቹ» እላቸዋለሁ። ልጅ አልወለድንም፤ ጃፓኖቹን አሳደግን።

የሌንስ ጠላቱ ክረምት ነው። እርጥበቱ ይገባና መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ የልደታው ኮንዶሚኒየማችን ሴቶች በርበሬ ሲያሰጡ፣ ተክሌ በረንዳ ላይ ነጠላዬን አንጥፎ ጃፓኖቹን ፀሐይ ያስመታቸዋል። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ ብርሃን ላይ ይመረምራቸዋል። የካሜራ ሰው ዓይኑ ቀኙ ነው ባይ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዘንድሮ የመጀመሪያውን አንስቶ አየና መልሶ አስቀመጠው። ሌላውን አነሳ። ሌላም ጨመረ።

«ወለቴ፣ ጉም ገብቶባቸዋል» አለኝ። «ሁሉም።»

«ፀሐይ ላይ ይቆዩ፣ ይለቃቸዋል።»

«ይሄ የሚለቅ አይደለም። ሻጋታ ይጋባል። እርስ በርስ ተጋብተው አለቁልሽ።»

ፊቱ መርዶ የተረዳ ሰው ፊት ሆኖ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ የምግብ ጠረጴዛችን የቀዶ ጥገና ክፍል ሆነ። ሌንሱን ይፈታል፣ ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክሮ መስታወቱን ይጠርጋል፣ መልሶ ይገጥማል፣ ወደ መስኮቱ ይዞ ያያል። ጉሙ አለ። እንደገና ይፈታና ጠንከር አድርጎ ይፈገፍጋል። ጉሙ ንቅንቅ አይልም። የዚያን ዘመን ሌንስ ሲሠራ የተቀባው ስስ ቅብ ሲነካ እንደሚለቅ ጠፍቶት አይደለም፤ ለሌላው ሰው «ጥጥ እንዳታስነካው» እያለ የሚመክረው እሱ ነበር። የጨነቀው ሰው ግን የራሱን ምክር አይሰማም። «ቆዳቸውን ገፈፍካቸው እኮ» ብዬ ስቀልድ ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ምግብ እንኳ ቀነሰ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰብስቤ የሻጋታ ቀለብ ላድርጋቸው?» ይላል።

ያልተፈታ አንድ ብቻ ቀረ፤ ሃምሳ ሚሊሜትሩ፣ ከሁሉም አስበልጦ የሚወደው። እሱን ለመክፈት እጁ ፈራና አብዱልሃኪምን ጠራው። አብዱልሃኪም አብነት ሰፈር ካሜራ የሚጠግን፣ ልጃችን ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸውም ይኸው የሌንስ አባዜ ነው።

አብዱልሃኪም የተጠረጉትን አንድ በአንድ መስኮቱ ጋ ወስዶ አያቸው። ሃምሳውን ግን ረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄን እንኳ አይንኩት። ሌላ ቀን መጥቼ አብረን እናየዋለን» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ልሸኘው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆም አለ።

«እትዬ፣ ያ ሌንስ ጥርት ያለ ነው፤ ምንም የለበትም። ሌሎቹም ሻጋታ የነበረባቸው አይመስለኝም። ቅባቸውን ነው ፍቀው ያወጡት።»

«ታዲያ ጉሙ?»

አቀረቀረ። «ጋሼን ዓይን ሐኪም ያሳዩዋቸው። እኔ ይሄን እንዴት ብዬ ፊት ለፊት ልንገራቸው?»

ተናደድኩበት። እሱ መናገር ያቃተውን ለእኔ አሸክሞኝ ወረደ። እኔስ ምን አንጀት አለኝ?

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ሐኪሟ የዓይን ግፊት ነው አለች። ግፊቱ ውስጥ ውስጡን ነርቩን ሲበላ ኖሯል፤ ቀኙ አብቅቶለታል ማለት ይቻላል፣ ግራውም ከግማሽ በላይ ሄዷል፣ የሄደው አይመለስም። ጠብታ ሰጠችን፤ የቀረውን ትንሽ ለማቆየት እንጂ ለማዳን አይደለም አለችን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ተክሌ አልተከራከረም። «እሺ ልጄ» ብሎ ተነሳና በሩን ፍለጋ ግድግዳውን ዳሰሰ።

ቤት ገብተን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ።

«ወለቴ።»

«አቤት።»

«ሌንሶቹ እውነት ጉም ነበራቸው? ወይስ ዓይኔ ነው?»

ይህን ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ስፈራው ነበር። የዓይኑን ነገር ችሎታል፤ ያስታውቅ ነበር። ጃፓኖቹን በገዛ እጁ መጨረሱን ግን አይችለውም። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ካላወቅኩ ምን አወቅኩ?

«ነበራቸው» አልኩት። «ዓይንህም ታሟል፣ እነሱም ሻግተዋል። አብዱልሃኪም ደረጃው ላይ ነግሮኛል።»

«ማርያምን?»

«ማርያምን።»

ትከሻው ረገበ። «ተመስገን። በከንቱ አልፋቅኳቸውም ማለት ነው።»

ደስ አለኝ። ልደታ አፍንጫ ሥር ቁጭ ብዬ በስሟ በውሸት ምዬ ደስ አለኝ፤ ሰው አተረፍኩ ብዬ።

እሱ ግን እጁን ዘረጋ። «በይ ሃምሳውን አምጪው። ሳይበላው እንጥረገው። እኔ እፈታዋለሁ፣ እጄ ያውቀዋል። አንቺ ትጠርጊያለሽ።»

«አብዱልሃኪም አይንኩት ብሎ የለ?»

«ሻግቷል ካለ መጠረግ አለበት። ወይስ አላለም?»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ዓይኖቹ ግን ከእኔ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያዩት። «ንጹሕ ነው፣ ሌሎቹም ንጹሕ ነበሩ» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ብሏል» አልኩ።

በዳሰሳ ፈታው። መስታወቱን አውጥቶ ከፊቴ ካለው ጨርቅ ላይ አኖረው። እንዲህ ቀርቤ አይቼ አላውቅም ነበር። ስስ ሐምራዊ ቀለም ላዩ ላይ ያበራል፣ ዘንበል ሲያደርጉት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አንዲት ነጥብ የለበትም። ስቀልድበት የኖርኩት ነገር እንዲህ ያምር ኖሯል።

«ጥጡን ነክረሻል?»

«ነክሬያለሁ።»

«ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር። ጠንከር አድርጊ፣ አትፍሪ።»

ጠረግኩ። ሐምራዊው ከመሃል ጀምሮ እየሳሳ ሄደ፤ በስተመጨረሻ መስታወቱ ተራ የብርጭቆ ቂጥ መሰለ። እንባዬ እንዳይንጠባጠብበት ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩ።

«እየለቀቀ ነው?» አለኝ።

«እየለቀቀ ነው።»

ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «በርቺ» አለኝ፤ «ዳር ዳሩም ላይ ምንም እንዳይቀርበት።»