ሳይከፈት የተለቀሰበት ጦማር

የሩፋይዳን ጦማር ከፍተው የሚያነቡ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያምናት ግን የመካነ ሰላም ከተማ በሙሉ ነው። የወግዲ መንገድ በጭቃ ከተዘጋ አርእስቷ «የወግዲ መንገድ ተዘግቷል» ነው፤ በቃ። ሰው አርእስቱን ያያል፣ ጉዞውን ይሰርዛል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለች መምህሯ «ኧረ አንባቢውን አጓጊው!» እያለ ቢወተውታትም፣ እሷ የሰው ጊዜ የሰው ነው ባይ ናት።

የዚያው ከተማ ወሬ ለጣፊ የሙሐሲን ገጽ ሌላ ነው። ሙሐሲን «ጉድ ፈላ!» ሳይል በግ መጥፋቱን እንኳ አይነግርህም። የማን በግ እንደሆነ ለማወቅ ሊንኩን ትጫናለህ፤ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ይመጣል። «ቀጥል» የሚለውን ትጫናለህ፤ ያው ቅባት በሌላ ጠርሙስ ይመጣል። ወሬው ሲደርስህ በጉ ተገኝቶ፣ ታርዶ፣ ተበልቷል።

ይህ ሁሉ ሩፋይዳን ያስቃት ነበር፤ የወንድሟ የሳቢር ቀን እስኪመጣ።

ሳቢር ጅዳ ላይ ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ሞተ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ለሸህ ከማሉዲን ነው። ድንኳን የሚተክለውም፣ የሚቀብረውም፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናውም ቅሬው ነውና፣ ሸሁ እንደ ወጉ ለሽማግሌዎቹ ብቻ ሹክ አሉ። መርዶው ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ እንዲነገር ተስማሙ፤ እናትየው ጎረቤት ከቧት፣ የሚደግፋት እጅ ኖሮ እንድትሰማ። ሙሐሲን ግን ወሬው ሸተተው። በዋዜማው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ «ጅዳ ላይ ሕይወቱ ያለፈው የከተማችን ልጅ ማን ነው? ስሙን ሲያዩ ይደነግጣሉ!» ብሎ ለጠፈ።

ልጇ ጅዳ ያለ እናት እንዴት አትጫንም? ፈዲላ ተጫነች። ቅባቱ መጣ። ደግማ ተጫነች። ሌላው ጠርሙስ መጣ። ከዚያ የሳቢር ፎቶ። ሩፋይዳ ጩኸት ሰምታ ከጓዳ ስትሮጥ እናቷ መሬት ላይ ወድቃለች፤ ስልኩ ከጎኗ «ፀጉርዎ እየሳሳ ነው?» ይላል።

ሐዘኑ ረገብ ሲል ሩፋይዳ ሙሐሲንን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አገኘችው። የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ ፊት ተቀምጦ «አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ እንዲጠይቅ።

«እህቴ» አላት ሻዩን እያማሰለ፣ «ወንድምሽን እኔ ገደልኩት እንዴ? ስሙን አርእስቱ ላይ ባወጣው ማን ይጫንልኛል?»

«እናቴ ብቻዋን ነው የሰማችው።»

«ምን ብቻዋን? አገር ምድሩ ነው ያየው! ወላሂ እንደ ሳቢር የተነበበልኝ የለም። አላህ ይዘንለትና፣ ገድ ያለው ልጅ ነበር።»

ሩፋይዳ ሻዩን ፊቱ ላይ አልደፋችበትም። ፈገግ ብላ «አብሽር» አለችውና ወጣች። ሙሐሲን ብልጥ ቢሆን ኖሮ ከሻዩ ይልቅ ያንን ፈገግታ ይፈራ ነበር።

በቀሏን እንደ ምስር ለቀመችው። ሙሐሲን ደጎሎ የሄደ ዕለት፣ ማለዳ፣ ጦማሯ ላይ ጽፋው የማታውቀው ዓይነት አርእስት ወጣ፤ «ከሙሐሲን ቤት የተሰማ መርዶ! ለቤተሰቡ ሶብሩን ይስጥ!» ለሚከፍተው ሰው፣ ውስጡ የሟቹ፣ የሙሐሲን ይሉኝታ፣ የሕይወት ታሪክ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ እንደነበረ፣ ጌታው ስልክ የገዛ ዕለት አልጋ እንደያዘ፣ በመጨረሻም የፀጉር ቅባት አንሸራቶት እንደሞተ።

ማንም አልከፈተውም። እሷም የተማመነችው በዚሁ ነበር። የሩፋይዳ አርእስት ካለ አለ ነው!

ቅሬው ድንኳኑን ተሸክሞ ደረሰ። ሙሐሲን ላጤ ነውና «ምን ሆናችሁ?» የሚል የቤት ሰው አልነበረም። ሐዘን ቤት ገብቶ «ማን ሞተ?» ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«አባትየው ናቸው መሰለኝ» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«አባትየው'ኮ ድሮ ነው የሞቱት።»

«እሱስ ልክ ነህ። ቢሆንም አላህ ይማራቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሙሐሲን ከሚኒባስ ወርዶ ደጁ ላይ ድንኳን አየ። ሰው እየተነሣ አቀፈው። «በርታ። ወንድ ልጅ ነህ።» ማን እንደሞተበት መጠየቅ አቃተው፤ የራሱን ሐዘን የማያውቅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ስልኩን አውጥቶ የሩፋይዳን አርእስት አገኘና ተጫነው። ኔትወርኩ ይሽከረከራል። ወረኢሉ እናቱ ዘንድ ደወለ። አይነሳም።

«እማዬን!» ብሎ ወደቀ። «እማዬን!»

ድንኳኑ በእፎይታ ጭምር አለቀሰ፤ ለካ እናትየው ናቸው! በሴቶቹ በኩል ሩፋይዳ በሻርፗ አፏን ሸፍና ተቀምጣለች። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ቅመስ፤ አንተም ብቻህን ቅመስ!

ይኼኔ አንድ አይሱዙ ደጁ ላይ ቆመ። ሟቿ፣ እማማ በዛች፣ ሻሻቸው ተፈትቶ፣ አቧራ ለብሰው ወረዱ። «ልጄን! ልጄን አሳዩኝ!»

ድንኳኑ «ቢስሚላህ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። እማማ በዛች ልጃቸውን ከመሬት አንስተው ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ደረቱን ዳሰሱት። ወረኢሉ ውስጥም ጦማሯን አምኖ ለእናትየው መርዶ የሚያደርስ ሰው መኖሩን ሩፋይዳ አላሰበችም ነበር። የጠጣችው ቅቤ ጉሮሮዋ ላይ ረጋ።

ሸህ ከማሉዲን ተነሡ። «ነውር ቢሆንም ልጠይቅ፤ ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

«ሊንኩን ይጫኑ ሸሁ፣ ውስጡ አለ» አለች ሩፋይዳ።

ኔትወርኩ ያገኘው አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው። አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አምልጦት ዋጠው።

«በእናቴ ትቀልጃለሽ?» ሙሐሲን ጮኸ። «ግፍ ነው ይኼ!»

«አገር ምድሩ አየልህ'ኮ። ገድ ያለህ ልጅ ነህ።»

እማማ በዛች ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። «ምን አድርገሃት ነው?» ሸሁ ቀድመውት ነገሯቸው፤ ቅባቱን ሳያስቀሩ። ሴትዮዋ ሙሐሲንን በኮቱ ኮሌታ ይዘው ፊት ፊት እየነዱ ወደ ፈዲላ ቤት ወሰዱት፤ ቅሬውም ተከተለ።

ሙሐሲን ፈዲላ እግር ስር ተንበረከከ። «አውፍ በሉኝ።»

ፈዲላ ስልኳን ከትራሷ ስር አውጥታ ሰጠችው። «መጀመሪያ ያን ጽሑፍህን አንብብልኝ። እንባ ጋርዶኝ አልጨረስኩትም።»

አነበበ። ማስታወቂያው ሲመጣ በጣቱ ሊያልፈው ሞከረ።

«ቅባቱንም» አለች ፈዲላ።

«ፀ... ፀጉርዎ እየሳሳ ነው?» አለ ሙሐሲን፣ በመላው ቅሬ ፊት። ማንም አልሳቀም። ሩፋይዳ እያንዳንዷን ቃል አጣጣመቻት፤ በዚያች ደቂቃ አንድም ነገር አልጸጸታትም።

ፈዲላ ግን ወደ ልጇ ዞረች። «ሲጨርስ አንቺ ታነቢያለሽ።» በአገጯ እማማ በዛችን አሳየቻት፤ የወረኢሉ አቧራ ገና ሻሻቸው ላይ ነው። «ለእሳቸው። ከአርእስቱ ጀምረሽ።»

ሩፋይዳ ስልኳን አወጣች፤ አርእስቱን አየችው፤ ከዚያ እማማ በዛችን። ሙሐሲን ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ደርሶ ነበር።