የሶልቫይ ድርሻ

በወይዘሮ ቦቲላ ቤት ኬክ መቅመስ ግዴታ ነው። በዴንማርክ፣ በደቡብ ዩትላንድ፣ የእሁድ ቡና ሲጠራ ሰባት ዓይነት ለስላሳ ኬክ፣ ሰባት ዓይነት ደረቅ ኬክ ጠረጴዛው ላይ ይደረደራል። አንዱን ዘሎ ያለፈ እንግዳ የባለቤቲቱን እጅ እንደናቀ ይቆጠራል። ምራታቸው ሶልቫይ ግን ድርድሩን ባየች ቁጥር፣ ትልልቅ ሰዎች በክሬም ሲፈተኑ መዋላቸው ያስቃት ነበር።

እሷ ራሷ ፈተናውን ትታዋለች። የወር አበባዋ ለወራት ይጠፋ ነበር፤ አገጯም ላይ ፀጉር ይበቅልባታል። ሐኪሟ ነገሩን ሳታለባብስ ነግራታለች፦ ሰውነቷ ለኢንሱሊን እንደሚገባው አይታዘዝም፤ ኢንሱሊኑ ሲበዛ ደግሞ የዘር እንቁላል በጊዜው እንዳትለቅ ያውካታል። ልጅ ከፈለገች ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሳ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና ጎመን ብታዘወትር ይረዳታል። ሶልቫይ ምክሩን ይዛ ከረመች። በዚህ መኸር የወር አበባዋ ሁለት ወር ተከታትሎ መጣ። ይህን የሚያውቁት እሷና ባሏ አስገር ብቻ ነበሩ።

በሽታውን ለእናቱ እንዲያስረዳላት አደራ ያለችው ዓምና ነው። "ነግሬያታለሁ፣ ገብቷታል" ብሏት ነበር። እሷም አመነችው። በየቡናው ሳህኗ እንደ ሌላው ሰው ይሞላል፤ እሷ ሳትነካው ዕቃ ልታጥብ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ ሳህኑ ተነስቶ ታገኘዋለች። አማቴ አክብረውኝ ነው ስትል ኖረች።

የዚያን እሁድ ግን ጀበናውን ይዛ ቶሎ ተመለሰች። በሩ ላይ ሳለች ወይዘሮ ቦቲላ ለጎረቤታቸው ሲያወጉ ሰማች። ይቺ ምራታቸው ኬክ የማልበላው ታምሜ ነው ትላለች ሲባል በሰው በሰው ሰምተዋል፤ ፋሽን ሆኖባት ነው፤ በየጊዜው ሳህኗን ፍርፋሪ ሳይቀር ሙልጭ አድርጋ ትነሳለች፤ እሳቸው በዓይናቸው አይተዋል።

ሶልቫይ ጀበናውን አስቀመጠች። "ምን በላሁ፣ እማማ ቦቲላ?"

"የቀረበልሽን ነዋ፣ የኔ እመቤት። ባዶ ሳህን አይዋሽም።"

ሶልቫይ ሳህኗን አየች። ግማሹ ጎድሏል። ከዚያ ባሏን አየችው። የአስገር አፍ ሞልቶ ነበር፤ ጢሙ ላይ ክሬም ተለጥፏል።

"ዋጥና ንገራቸው" አለችው።

ዋጠ። ለእናቱ መናገር ፈልጎ እንደነበር፣ ግን ምቹ ቀን እንዳላገኘ፣ ሁለቱም እንዳይቀየሙ ብሎ የሷን ድርሻ እሱ ይበላላት እንደነበር እየተንተባተበ አስረዳ። ለሰላም ሲል ነው። ሆዱ ጠረጴዛውን እየገፋ ስለ ሰላም ሲናገር፣ ጎረቤትየዋ ሳቋን ልትሸሽግ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ወይዘሮ ቦቲላ ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቁም። ምራታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ኬኬን የሚያስንቅ በሽታ አልወድም" አሉ። "ግን አንቺ እንኳ እንቢ ማለት ታውቂያለሽ። ይሄ ልጄ ግን! አንድ ቃል ከሚተነፍስ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ሰው ሆኖ ሲበላ ከረመ።"

ተነስተው ከወጥ ቤት ጥቁር ዳቦና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ አመጡና ሶልቫይ ፊት ጣል አደረጉት። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ኬክ ደግሞ አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ልጃቸው ገፉለት።

"እማ፣ ለኔም ከዓሣው" አለ።

"የአንተ እዚያው ነው። ለሰላም ብለህ ጨርሰው።"

እሱም ሹካውን አነሳ። አሁንም እንቢ አላለም።

ሶልቫይ ዓሣውን በዝግታ አላመጠች፤ ጥሩ ዓሣ ነበር። ያን ሁሉ ወር አፏን የገታችው የዚህን ሰው ልጅ ለመውለድ መሆኑ ትዝ ሲላት፣ ልጁ እንቢ ማለትን ከማን ይወርስ ይሆን ብላ አሰበች። ከአያቱ ከቦቲላ ቢሆን እንደሚሻል ወስና ሁለተኛውን የዓሣ ቁራጭ ዳቦዋ ላይ አደረገች።